ድንጋዮቹን የቆጠሩ ሁለት ወታደሮች

አባቴ አሜሪካ መጥተው ከእኔ ጋር መኖር ሲጀምሩ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ አዲስ አበባ ብቻቸውን ቀሩ፤ እኔም ሲቲዝን እንደሆንኩ ወረቀታቸውን ጀመርኩ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ትዳሬ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባቴ ይቆጥራሉ። ከሊፍቱ እስከ በራችን ያሉትን የጎረቤት በሮች፣ ሲወጡም ሲገቡም፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥሯቸዋል። አውቶቡስ ስንሳፈር ወንበሮቹን ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ከገበያ ዕቃ ተሸክመን ስንመለስ፣ በራችን ጋ ደርሰን ቁልፍ ሳወጣ፣ ፌስታላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ሊፍቱ ተመለሱ።

«አባባ፣ ምን ረሱ?» አልኳቸው።

«ምንም አልረሳሁ። አንቺ ግቢ፣ መጣሁ።»

በሮቹን በጣታቸው እየጠቆሙ እንደገና ቆጥረው መጡ። ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር።

የመርሳት በሽታ ነው ብዬ ፈራሁና ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ከመቶ ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ንገሪልኝ አለች። ያለ አንድ ስህተት እስከ ሁለት ወረዱና «ከዚህም በታች ልቀጥል?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሟ ስቃ፣ ጭንቅላታቸው ደህና ነው፣ ልማድ ይሆናል አለችኝ። እኔም ልማድ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ስለ ወጣትነታቸው የማውቀው ጥቂት ነው። ኮሪያ ዘምተዋል። ጭናቸው ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። ልጆች ሳለን ስለ ጦርነቱ ስንጠይቃቸው የሚያወሩልን ስለ ብርዱ ብቻ ነበር፤ ውሃ ኮዳ ውስጥ እያለ ድንጋይ ይሆን እንደነበር። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ ከመጣ ተነስተው ይወጣሉ። ስለ ጃፓን አንድም ቀን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

በመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ኦፍ የሆንኩበትን ቀን ጠብቄ ዲሲ ያሉትን የጃፓን ቼሪ ዛፎች ላሳያቸው ወሰድኳቸው። አበባው ሊረግፍ አንድ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዛፎቹ የከበቡትን ውሃ እየዞርን ስንሄድ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ፈረንጆቹ ለአንድ ዛፍ ይህን ያህል ፎቶ ማንሳታቸው አስገርሟቸው እየሳቁ ነበር። ከዛፎቹ መሃል የቆመው ትልቁ የድንጋይ ፋኖስ ጋ ስንደርስ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሽበት በሚመስል ሻጋታ የተሸፈነ ያረጀ ድንጋይ ነው።

«ይሄን ማን አመጣው?» አሉ።

«ጃፓኖቹ ናቸው የሰጡት፤ እንደ ዛፎቹ ስጦታ ነው።»

ቀርበው በመዳፋቸው ነኩትና እጃቸውን ቶሎ መለሱ። ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ፋኖሱን እያዩ መናገር ጀመሩ።

«ስቆስል ወደ ጃፓን ነው የወሰዱኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለት ወር ተኛሁ። መራመድ ስንጀምር አንድ ቀን በአውቶቡስ አስጎበኙን። ኒኮ የምትባል ተራራማ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጥልቅ የወንዝ ሸለቆ አለ። በወንዙ ዳር የድንጋይ ጣዖቶች በአንድ መስመር ተቀምጠዋል፤ ብዙ ናቸው። ሕፃን ሲበላ አንገቱ ላይ እንደሚታሰርለት ዓይነት ቀይ ጨርቅ አስረውላቸዋል። አስተርጓሚው፣ ስትሄዱ ቁጠሯቸው፣ ስትመለሱም ቁጠሯቸው፣ ቁጥራቸው አይገጥምም አለን። ወጣት ነበርን፣ ቆጠርን።»

«ገጠመላችሁ?»

«ተነሽ እንሂድ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ዕረፍት አጡ። ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ «ያ ቦታ አሁንም አለ?» ይሉኛል። ኮምፒውተር ላይ ፈልጌ ፎቶውን ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው። ምስሎቹ እንዳሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አንገታቸው ተቆርጧል፣ ፊታቸው በዝናብ ተበልቷል፣ ቀዩ ጨርቅ ግን አዲስ ነው። አባቴ ወረቀቱን አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት። በማግሥቱ አውጥተው አልጋው ሥር አደረጉት። «ጣዖት ከዳዊት ጋር አይቀመጥም» አሉኝ፤ ግን አልቀደዱትም።

በሐምሌ፣ የንስሐ አባታቸውን ማነጋገር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። የንስሐ አባታቸው የሚያገለግሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብን ደረስንና መኪና ውስጥ ሆኜ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ቀበቷቸውን አስሬላቸው ጥቂት እንደሄድን «ሂድ ብለውኛል» አሉኝ።

«የት?»

«እዚያ ወንዝ። አትስገድ፣ ሻማ አታብራ፣ ጸልየህ ተመለስ ነው ያሉኝ። ትወስጂኛለሽ?»

እሠራ የነበረው ቨርጂኒያ ያለው ትልቁ ኤርፖርት ውስጥ፣ የአንድ አየር መንገድ ቲኬት ካውንተር ላይ ነው። ቦታ ከተረፈ እኔም ወላጆቼም ለጥቂት ብር መብረር እንችላለን፤ ስታንድባይ ይሉታል። እስከዚያ ዕለት ያንን ጥቅም ለረጅም ጉዞ ተጠቅሜበት አላውቅም። የአባቴ ቪዛ ወረቀቱ በዛና መስከረም ላይ ተገኘ። ሁለት ቀን ሻንጣ ይዘን ሄደን፣ አውሮፕላኑ ሞልቶ ወደ ላንድማርክ ተመለስን። አባቴ አልተማረሩም። በሁለተኛው ቀን ስንመለስ «ሊያደርሰኝ ካልፈለገ አያደርሰኝም» አሉ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ እግዚአብሔርን ነው ብዬ አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ለየብቻ ሁለት ወንበር አገኘን። አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ ስድስት ረድፍ ከፊቴ ማጅራታቸውን እያየሁ በረርን። አንድም ጊዜ ዘወር አላሉም።

ኒኮ በባቡር ደርሰን ትንሽ ሆቴል ውስጥ አደርን። በማግሥቱ ጠዋት የሆቴሉ ባለቤት፣ እንግሊዝኛ የምትሞክር ደግ ሴት፣ መንገዱን ካርታ ላይ አሳየችኝ። ምስሎቹ ሁሉ የሞቱ ሕፃናትንና መንገደኞችን ይጠብቃል ብለው የሚያምኑበት የአንድ ቅዱስ ናቸው አለችኝ፤ ቀዩን ጨርቅ ሰፍተው የሚያስሩለት ብዙ ጊዜ ልጅ የሞተባቸው እናቶች ናቸው። ለአባቴ ተረጎምኩላቸው። ጫማቸውን እያሰሩ ነበር፤ ማሰሪያውን እንደያዙ ቀሩ።

«እናቶች ናቸው?» አሉ። «ያኔ ይሄን አልነገሩንም።»

ወንዙን ከማየታችን በፊት ሰማነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ሞልቷል። ውሃው በጥቁር ዓለት መሃል እየተጨመቀ፣ እዚህ ነጭ ሆኖ ይዘላል፣ እዚያ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ይረጋል። ከጎርፉ ድምፅ የተነሳ ጎን ለጎን ሆነን እየተጯጯህን ነበር የምንነጋገረው። ከዛፎቹ ሥር ምስሎቹ ጀመሩ። ተራ ይዘው፣ እግራቸውን አጣጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው ተቀምጠዋል። አንዱ ራስ የለውም፤ በራሱ ምትክ ድቡልቡል ድንጋይ አስቀምጠው ቀይ ሹራብ ኮፍያ አጥልቀውለታል። ሰው አልነበረም። አባቴ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ መቁጠር ጀመሩ። ድምፃቸውን ባልሰማም ከንፈራቸውን አያለሁ። ሳላስበው እኔም ቆጠርኩ። ሰባ አንድ ሆነልኝ።

ረድፉ ሲያልቅ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ ቆሙ። በከዘራቸው ዓለቱን ጠቆሙኝ።

«እዚህ ነበር የተቀመጥነው» አሉ። «እኔና ጓደኛዬ።»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እንዲህ ብለው ነገሩኝ።

ጓደኛቸው የሸኖ ልጅ ነበር። ቤተ ክህነት የተማረ፣ እጅ ጽሑፉ የታተመ የሚመስል፤ የጓዱን ወታደሮች ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው። በአንድ ቀን ነበር የቆሰሉት፤ አባቴ ጭናቸውን፣ እሱ ቀኝ እጁን። በዚያ የጉብኝት ቀን ሁለቱም ምስሎቹን ቆጠሩ። አባቴ ሲሄዱም ሲመለሱም ሰባ ሦስት ሆነላቸው። እሱ ሲሄድ ሰባ ሦስት፣ ሲመለስ ሰባ አራት አገኘ። መልሶ ቆጠረ፤ ሰባ አራት። ፊቱ ተለወጠ።

«በሳምንቱ ሐኪም ሊያየን ነበር» አሉ አባቴ። «የዳነ ወደ ግንባር፣ ያልዳነ እዚያው ይቆያል። እሱ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን ዘረጋልኝ። ጨብጠኝ አለኝ። ጨበጥኩት። ጣቶቹ አይጠብቁም። እጄ አልዳነም፣ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፣ አንተ ሂድ፣ እኔ እደርስብሃለሁ አለኝ። ሌሎቹ ልጆች አጠገባችን ነበሩ። እኔ ሳቅኩ። ድንጋይ ቆጥረህ ፈራህ እንዴ አልኩት። ፈሪ አልኩት። ሁሉም ሳቁ።»

አባቴ ከዘራቸውን ዓለቱ ላይ አጋደሙ።

«እሱም አብሮን ሳቀ። በአውቶቡሱ ግን አልተናገረም። ለሐኪሙ ድኛለሁ አለው። እጅህን ጨብጥ ሲለው ግራውን ሰጠው አሉ፤ ሐኪሙም ብዙ ሰው ነበረበት። አብረን ተመለስን። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላንም። ከጉድጓድ ወጥተን ወደ ኋላ ስንሸሽ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ዞሬ እጄን ሰደድኩለት። በግራው ጠመንጃውን ይዟል፣ ቀኙን ሰጠኝ። ያዝኩት። ልጄ፣ እኔ ይዤዋለሁ። እሱ ግን መጨበጥ አልቻለም። ከእጄ ሾልኮ ወደ ኋላ ወደቀ። ሌላው ሁሉ ቶሎ ሆነ፤ እዚያው ሞተ።»

ወንዙ ይጮሃል።

«እናቱን ታውቂያቸዋለሽ» አሉኝ።

«እኔ?»

«በየዓመቱ ሸኖ ቤታቸው እወስድሽ የነበሩት እማማ ማን መሰሉሽ?»

ያኔ ትዝ አሉኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጥር ላይ በአውቶቡስ እንሄድ ነበር። ቀጭን ባልቴት ናቸው፣ ጥቁር ለብሰው። ዘመድ ይመስሉኝ ነበር። አባቴን አጠገባቸው አስቀምጠው ያበሏቸዋል፣ ሳህኑ ጎደል ሲል ይጨምራሉ። ከዚያ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ይጠይቋቸው ነበር።

«ምን ነበር የሚጠይቁዎት?»

«በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ነው። ‹ያ እጁስ ድኖለት ነበር?› ይሉኛል። እኔም ‹ድኖለት ነበር፣ እማማ› እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት። እሳቸው እስኪሞቱ።»

አባቴ ተነስተው ወደ ምሥራቅ ዞሩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። የጓደኛቸውን የክርስትና ስም ጠርተው ነፍሱን ይማርልኝ አሉ፤ ሦስት ጊዜ ጠሩት። ከዚያ ስሙን ብቻ፣ የዓለም ስሙን፣ ወደ ውሃው ተናገሩ፤ ሰው ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ አድርገው። መልስ እንደሚጠብቁ ሁሉ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። እኔም አዳመጥኩ ብል አልዋሸሁም።

ስንዞር አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ከምስሎቹ አንዱ ሥር ተንበርክከው የረጠበውን ጨርቅ በደረቅ እየለወጡ ነበር። መቼ እንደመጡ አላየንም። የአባቴን እንባ አዩና ተነስተው ወገባቸውን ጎንበስ አደረጉ። አባቴም ባርኔጣቸውን እንደያዙ ዝቅ ብለው እጅ ነሷቸው። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፤ እንደዚያ ሆነው ትንሽ ቆዩ። አለፍ ስንል አባቴ «ለሴትዮዋ ነው እጅ የነሳሁት፤ ለድንጋዩ አይደለም» አሉኝ።

«አይቻለሁ፣ አባባ።»

በመመለሻው ረድፉን እየቆጠርን ሄድን። መንገዱ ያው ነው፣ አንድም አልዘለልኩም። ሰባ ሁለት ሆነልኝ። መውጫው ላይ ያለው ትንሽ ድልድይ ጋ ስንደርስ አባቴ ፊቴን ሳያዩ «ስንት ሆነልሽ?» አሉ።

«ስሄድም ስመለስም ሰባ አንድ» አልኳቸው።

«ለእኔም» አሉ።

እሳቸው እውነት ተናግረው ይሁን እንደ እኔ ዋሽተው አላውቅም።

ከተመለስን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ ከጓደኛቸው ወገን የተረፈ ሰው ካለ ፈልጌ እንዳገናኛቸው። ሸኖ ያሉ ሰዎችን በስልክ ሳጠያይቅ ከረምኩ። ብርዱ ሳያልፍ ተገኘች፤ የጓደኛቸው እህት የልጅ ልጅ፣ በዲቪ መጥታ ሎረል የምትኖር፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት። ከቤታችን የአርባ ደቂቃ መንገድ በሆነ ቦታ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖራለች። ስደውልላት እስክጨርስ ሰማችኝና «አንድ ደብዳቤ አለኝ፤ አያቴ ናት የሰጠችኝ፤ ይምጡና ይዩት» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። አባቴ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ተቀመጡና ሁሉንም ነገሯት፤ ወንዙን፣ ቁጥሩን፣ ፈሪ ማለታቸውን፣ ከእጃቸው መሹለኩን። ምንም አላስቀሩም። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ጓዳ ገብታ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ ወረቀት ይዛ መጣች።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ጓደኛቸው ከጃፓን ለእናቱ የጻፈው ነው። የከበረ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ደህና ነኝ፣ እጄም ድኗል፣ ከጓደኛዬ ጋር አብረን ልንመለስ ነው፣ እሱ ስላለ አያስቡ ይላል። ፊደሎቹ ግን ተንጋደዋል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፤ ፊደል መቁጠር የጀመረ ልጅ የጻፋቸው ይመስላሉ።

አባቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። «በግራ እጁ ነው የጻፈው» አሉ።

«አያቴም እንደዚያ ነው የምትለው» አለች ሴትዮዋ። «እናቱ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ የልጃቸውን ጽሑፍ ግን ያውቁታል። ደብዳቤው የደረሰ ቀን ወረቀቱን አይተው ‹እጁ አልዳነም፣ ዋሽቶኛል› ብለው አለቀሱ። መርዶው ገና አልመጣም ነበር።»

አባቴ ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ያውቁ ነበር» አሉ። «እያወቁ ነው የሚጠይቁኝ።»

«እናቱ ‹ያን ሰው ይቅር ብዬዋለሁ› ይሉ ነበር አሉ» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «አያቴ ማንን እንደሆነ አታውቅም ነበር። እኔም ዛሬ ነው የገባኝ።»

ምሳ አቀረበችልን። አባቴ ሁለት ጉርሻ በልተው እጃቸውን ታጠቡ። በር ላይ ሲሰናበቷት ግንባሯን ስመው ረጅም ጊዜ ይዘዋት ቆሙ።

በቤልትዌይ ስንመለስ፣ ወደ ቨርጂኒያ ወደሚያሻግረው ድልድይ ስንቃረብ፣ አባቴ «ይቅር ካሉኝ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት አብልተውኛል። አንድ ቃል ነው።»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። እማማ በየዓመቱ የጠየቋቸው እውነቱን ከአፋቸው ሰምተው ይቅር ሊሏቸው ይሆናል። ይህን ለሰባ ስምንት ዓመት ሰው መናገር አልቻልኩም። «እኔ እንጃ፣ አባባ» አልኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ጥያቄውን ብዙ ጊዜ ጠየቁኝ፤ ቁርስ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ አንዴም ሰው ቤት ለቅሶ ላይ ተቀምጠን በጆሮዬ። ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቁኝ ሆስፒታል ሊገቡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው። ያን ቀንም እኔ እንጃ አልኳቸው።